ምርመራው የሚፈትነው ማንን ነው?

 

ከቤተሰባችን አባላት አንዱ ፋብሪካ ሲቀጠር በቅድሚያ የምንጠይቀው ስለ ደመወዙ ነው። ቀጥለን ስለ ፈረቃው፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ ዓመት ፈቃዱ እንጠይቃለን። «ለመሆኑ እዚያ ስትውል ምን ትተነፍሳለህ? እጅህ የሚነካው ምንድን ነው? ከመቀጠርህ በፊትስ ሐኪም አይቶሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንወያየው ስለዚሁ ስለተዘነጋ ጥያቄ ነው። ይኸውም ለጤና አስጊ በሆነ ሥራ ላይ ለተሠማሩ ሰዎች ሊደረግ ስለሚገባው የጤና ክትትል ነው።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የሙያ ጓደኞቹን፣ በሽተኛ ሲመረምሩ ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዳያልፉ መክሯቸዋል። ይህ ምክር ከተሰጠ 300 ዓመት አልፏል። ዛሬም ቢሆን ስንቶቻችን ነን ሳል ይዞን ሐኪም ፊት ስንቀርብ የሥራችንን ዓይነት የተናገርን?

ሕክምናና ክትትል

አብዛኞቻችን ወደ ሐኪም የምንሄደው ሲያመን ነው። የጤና ክትትል ግን ሰውየው ደህና ሳለ የሚደረግ ነው። አሠራሩም ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግለት የመነሻ ምርመራ ነው። ሁለተኛው በሥራ ላይ እያለ፣ እንደ ሥራው አስጊነት በየስድስት ወሩም ሆነ በየዓመቱ የሚደገመው ምርመራ ነው። ሦስተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የሚደረገው የመውጫ ምርመራ ነው። የሚመረመረውም እንደ ሥራው ይለያያል። ማሽን በሚጮህበት ቦታ ጆሮ፣ አቧራ በሚበዛበት ሳንባ፣ ከእርሳስ ጋር ለሚሠሩ ደግሞ ደም ይመረመራል።

መምህር ስለሆንኩ ነገሩን በክፍል ምሳሌ ባስረዳ ይቀለኛል። መስከረም ላይ የተማሪዎቹን ደረጃ ያላወቀ መምህር፣ ሰኔ ላይ ማን እንዳደገና ማን እንደወረደ ሊያውቅ አይችልም። የመነሻ ምርመራ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሌላም ነገር አለ። ከ50 ተማሪዎች አንዱ ቢወድቅ ተማሪውን እንጠይቃለን። 30 ተማሪዎች ቢወድቁ ግን መጠየቅ ያለበት መምህሩ ነው። እንደዚሁም በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ትንፋሽ አብሮ ሲያጥር፣ ፈተናውን የወደቀው ፋብሪካው ነው። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፌ ላስረዳ የምፈልገው ይህን ነው፦ ምርመራው በሠራተኛው አካል ላይ ቢደረግም ሊፈትን የሚገባው ሥራውን ነው።

የሰኞ ሕመም

ከጥጥ እንጀምር። ጥጥ መዳመጥ፣ ማባዘትና መፍተል በሀገራችን በየቤቱ የኖረ ሙያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ያው ሥራ በብዙ ኩንታል፣ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ፣ በማሽን ፍጥነት ስለሚሠራ የሚነሣው ብናኝ በዚያው ልክ ይበዛል። ይህን ብናኝ ለብዙ ዓመታት የሚተነፍስ ሠራተኛ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል።

የበሽታው አጀማመር አታላይ ነው። ሠራተኛው ከዕረፍት ተመልሶ ሥራ በጀመረበት ቀን ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ትንፋሹም ያጥራል። በማግሥቱ ይሻለዋል። በዚህም የተነሣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ሰኞ ብቻ የነበረው ሕመም ማክሰኞንና ረቡዕን ይጨምራል። በመጨረሻም በመድኃኒት የማይመለስ የሳንባ ጉዳት ይሆናል። ሪቻርድ ሺሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የላንካሻየር ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን አጥንቶ የበሽታውን ደረጃ የከፋፈለው፣ ሕመሙ በሳምንቱ ውስጥ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሰማቸው በመጠየቅ ነበር።

ሰውየው ራሱ ያላስተዋለውን ለውጥ ግን መሣሪያ ሊይዘው ይችላል። ስፓይሮሜትር በሚባለው መሣሪያ ሠራተኛው አየር በደንብ ስቦ በሙሉ ኃይሉ ይተነፍሳል። መሣሪያው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ስንት አየር እንዳስወጣ ይለካል። ልኬቱ ከዕረፍት በተመለሰበት ቀን፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሥራ ከዋለ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይወሰዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው የጥጥ ብናኝ ደንብ መሠረት፣ በዚያች በአንዲት ቀን ውስጥ ትንፋሹ 5 በመቶ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ከቀነሰ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የነበረው ምርመራ በየስድስት ወሩ ይሆናል። 200 ሚሊ ሊትር አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል ነው። ሰውየው ከደረቱ አንድ ብርጭቆ አየር ጎድሎበት ምንም ሳይሰማው ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት፣ ጥጡ ከእስሩ ተፈትቶ በሚነፋባቸውና በሚበጠርባቸው ክፍሎች ከሚሠሩት ውስጥ ከመቶ 40 ያህሉ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነበር። የሁሉም ሠራተኞች አሠሪ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከሚተነፍሱት አየር ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት ያየ ሥራ አስኪያጅ «እነማን ናቸው የታመሙት?» ከማለቱ በፊት «የትኛው ማሽን ነው የሚያበነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

እርሳስና ደመወዝ

ሁለተኛው ምሳሌ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። ልጆቻችን የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ስለሆነ በስሙ ብቻ አይፈራም። የመኪና ባትሪ ፈትተው የሚጠግኑ፣ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጡ፣ ራዲያተር የሚበይዱና አሮጌ ቀለም የሚፍቁ ሰዎች የእርሳሱን ጢስ ይተነፍሳሉ፤ ብናኙንም ከእጃቸው ጋር ወደ አፋቸው ያስገባሉ። እርሳስ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት ያስከትላል። ምልክቶቹ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት በመሆናቸው ከሌላ ሕመም ጋር ይመሳሰላሉ። በመሆኑም በእርግጠኝነት የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

በዚህ ረገድ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣችው የእርሳስ ደንብ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ሐሳብ ይዟል። በደንቡ መሠረት በ100 ግራም ደም ውስጥ 60 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበት ሠራተኛ ከእርሳስ ሥራ ይነሣል። መጠኑ ወደ 40 ሲወርድም ይመለሳል። ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሠራተኛው ከሥራው ተነሥቶ በሚቆይበት ጊዜ ደመወዙና የአገልግሎት መብቱ እስከ 18 ወር ድረስ አይነካም። ለምን? ምርመራው እንጀራውን የሚያሳጣው ከሆነ ሠራተኛው ለምርመራ አይቀርብም፤ ቢቀርብም ሕመሙን ይደብቃል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በልጆቹ ዳቦና በራሱ ደም መካከል ምረጥ ከተባለ ዳቦውን እንደሚመርጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ደንቡ ሌላም ነገር ከልክሏል። እርሳስን ከደም የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ሠራተኛው ከእርሳሱ ሳይለይ፣ ቁጥሩ እንዳያሻቅብ ብቻ ይህን መድኃኒት እየሰጡ ማሠራት ክልክል ነው። እንዲህ ማድረግ ተማሪው ሳያውቅ በሰርተፍኬቱ ላይ ውጤቱን ፍቆ እንደ ማስተካከል ይቆጠራል።

እነዚህ ቁጥሮች ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ሠራተኛው ከእርሳስ ሥራ የሚነሣበትን መጠን ወደ 30 ዝቅ አድርጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበት ሰው ካለ ከየት እንደመጣበት ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል።

በአበባና በአትክልት እርሻዎች ፀረ ተባይ የሚረጩ ሰዎች ጉዳይም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንዳንዶቹ ፀረ ተባዮች ኮሊንኤስትሬዝ የሚባለውን፣ ለነርቭ ሥራ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ያዳክማሉ። የዚህ ንጥረ ነገር መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከመርጨቱ ሥራ በፊት የተወሰደ ልኬት ከሌለ የኋለኛው ውጤት ብዙም አይናገርም። በካሊፎርኒያ ደንብ የአንድ ሠራተኛ መጠን ከራሱ መነሻ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የእርሻው አሠራር ነው። አረጫጨቱ፣ ልብሱና መታጠቢያው ይፈተሻል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው መጠን ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ሠራተኛው ከመድኃኒቱ ይርቃል።

ምርመራ ለምን ይፈራል?

ብዙ ሠራተኛ ምርመራ ሲባል የሚታየው ማባረሪያ ወረቀት ነው። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን እናስብ። ከመሄዳቸው በፊት ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤች.አይ.ቪ. እና ለጉበት ቫይረስ ይመረመራሉ። ሴቶቹ ለእርግዝናም ይመረመራሉ። ውጤቱ ወይ «ብቁ» ወይ «ብቁ ያልሆነ» ነው። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው ሰውየው ለሌላው ስጋት ይሆን እንደሆነ ነው። የሚሄድበት ሥራ፣ ሙቀቱ፣ የጽዳት ኬሚካሉና የሰዓቱ ርዝመት ለእርሱ ስጋት ይሆን እንደሆነ አይጠይቅም። ይህን ዓይነቱን ምርመራ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ምርመራ ሁሉ ወንፊት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ስለ ሥራ ላይ ጤና አገልግሎት የሚናገረው ስምምነት ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ግልጽ መሠረት ጥሏል። ክትትሉ ከሠራተኛው ገንዘብ ሊያስከፍልና ደመወዙንም ሊቀንስ አይገባም፤ በተቻለ መጠንም በሥራ ሰዓት ሊካሄድ ይገባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የምርመራው ዝርዝር በሐኪሙና በሠራተኛው መካከል በምሥጢር እንዲጠበቅ አሳስቧል። ለአሠሪው የሚነገረው ሠራተኛው ለዚያ ሥራ ተስማሚ መሆን አለመሆኑና ሥራው እንዴት ቢስተካከል እንደሚሻል ብቻ ነው።

በሀገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የሥራ ደኅንነትና ጤና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ አዲስ የሚቀጠሩትንና በአደገኛ ሥራ ላይ የሚሰማሩትን ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ሁሉ የካሣ መብት ያስከትላል። ችግሩ ያለው ጋራዥ ውስጥ በቃል ተስማምቶ የሚሠራው ወጣትና በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ይህ መብት የእነርሱም መሆኑን ባለማወቃቸው ላይ ነው።

ምርመራ ብቻውን አያድንም

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ምርመራ ምስክር እንጂ ጋሻ አይደለም። ድንጋይ የሚፈልጡና የሚጠርቡ ሰዎች የሚተነፍሱት የሲሊካ አቧራ ሳንባን ያጠጥራል። ይህ በሽታ በራጅ ላይ ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ መድኃኒትም አይመልሰውም። ሰውየው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ድንጋዩን ውኃ እያጠጡ መቁረጥ፣ አቧራውን ከሚነሣበት ቦታ መሳብና ማሽኑን መክደን ነው። አፍ መሸፈኛ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ምርመራው ደግሞ እነዚህ ሁሉ በትክክል መሥራታቸውን ይመሰክራል። በየዓመቱ ሠራተኛውን እያስመረመረ አቧራውን የማይነካ ድርጅት፣ በየዓመቱ እየፈተነ የማያስተምር ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ሥራ የሚጀምር ልጃችሁ የመነሻ ምርመራውን ውጤት ቅጂ ይያዝ። ከትምህርት ማስረጃውና ከኒካሕ ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ከ10 ዓመት በኋላ የሳንባው ምስክር እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ሳትጠየቁ ሥራችሁን ተናገሩ። ጡረታ የወጣ አባት ካላችሁ የቀድሞ ሥራውንና የሠራበትን ዘመን ንገሩለት። ብዙዎቹ የሥራ በሽታዎች የሚታዩት ከዓመታት በኋላ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሕመሙ የሚመጣበትን ቀን ልብ በሉ። ባለቤቷ ሰኞ ማታ እንደሚያስለው፣ በዕረፍት ቀኑ ግን እንደሚሻለው ከማንም በፊት የምታውቀው ሚስት ናት። ቀኑን በወረቀት መዝግባ ለሐኪሙ ብትሰጠው ትልቅ እርዳታ ነው።

አራተኛ፣ የሥራ ልብስ ቤት አይግባ። ከእርሳስ ጋር የሚሠራ ሰው በልብሱ፣ በጫማውና በፀጉሩ ብናኙን ይዞ ይገባል። ያንን ልብሱን ሳይቀይር ልጁን ያቅፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት አስጊ ያልሆነ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። እርሳስ የልጅን አእምሮ፣ ትኩረትና የመማር ችሎታ ይጎዳል። ልብሱን እዚያው መቀየር ካልተቻለ በር ላይ ወልቆ፣ ሳይራገፍ፣ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ነፍሰ ጡር እናት ካለች ጥንቃቄው ይበልጥ ይጥበቅ፤ እርሳስ ከእናት ደም ወደ ጽንሱ ያልፋልና።

አምስተኛ፣ በረመዷን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ እርሳስን ከጠገበ ሆድ በበለጠ ይመጥጣል። ጋራዥ ውሎ መግሪብ የደረሰበት ወንድማችን ቴምሩን የሚያነሣው በዚያው እጁ ነው። ውዱእ ያደርጋል፤ ነገር ግን ዘይትና ብናኝ የያዘ እጅ በውኃ ብቻ አይለቅም። ከውዱኡ በፊት እጁን፣ ጥፍሩንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያም ያፍጥር።

ለአሠሪዎች

በመጨረሻ ጋራዥ፣ ወፍጮ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ወይም ፋብሪካ ላላቸው ወንድሞችና እህቶች አንድ ቃል አለኝ። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በልግስና የታወቁ ናቸው። ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ለመታከሚያው ይሰጣሉ፣ ቤተሰቡንም ያስባሉ። አላህ ይቀበላችሁ። ሆኖም ለታመመ ሠራተኛ የሚሰጥ ሶደቃ ከመታመሙ በፊት የነበረውን ሐቁን አይተካም። አካሉን በጠዋት ያስረከባችሁ ሰው አማና አስረክቧችኋል። ሳሙናና ውኃ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ አቧራ መሳቢያና በዓመት አንድ ጊዜ በእናንተ ወጪ የሚደረግ ምርመራ የአማናው አጠባበቅ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱ ያላማረ ሠራተኛ እንጀራውን እንደማያጣ አስቀድማችሁ ቃል ግቡለት። ይህ ቃል ከሌለ የምትከፍሉበት ምርመራ እውነቱን አይነግራችሁም።

እናንተስ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ከሥራ የሚመለሰውን ሰው «እንዴት ዋልክ?» ካላችሁት በኋላ «ምን ስትተነፍስ ዋልክ?» ብላችሁ ጨምሩለት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏህ።